ቀፎና ትርፍ ሙያዎቹ

በአማርኛ ቀፎ የሚባሉ ሁለት ዕቃዎች አሉ። አንደኛው ከሸንበቆ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ፣ በእበት ተለቅልቆ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው የንብ ቤት ነው። ሁለተኛው ቀን ኪስ ውስጥ ውሎ ማታ ማታ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚጠባው ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። ሁለተኛው ስሙን ከአንደኛው ቢዋስም ብድሩ አላሳፈረውም። አውራ የሌለው ቀፎ ባዶ ዕቃ እንደሆነ ሁሉ፣ ሲም ካርድ የሌለው ስልክም ሰዓት የሚያሳይ መስታወት ነው። ማሩ የሚሞላው ሒሳብ ነው፤ ቆራጩም ብዙ ነው። መመሳሰሉ ገጠር ሲገባ ይብሳል። ኔትወርክ የሚገኘው በአንድ መስኮት ጥግ ብቻ በሆነበት ቤት ስልኩ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። የሚፈልገው ሰው ወደ እሱ ይሄዳል እንጂ እሱ ወደማንም አይንቀሳቀስም፤ «ተንቀሳቃሽ» የሚለው ቅጽል እዚያ ቤት ለባለቤቱ ተላልፏል።

ስልክን የሠሩት ሰዎች ለአንድ ጉዳይ ነው የሠሩት፤ ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሰዎች እንዲነጋገሩበት። ማንኛውም ዕቃ ግን ጉምሩክን አልፎ አገር ሲገባ ትርፍ ሥራ ይጠብቀዋል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ የዘይት ጀሪካን ውኃ ይቀዳበታል፤ የዱቄት ወተት ጣሳ እህል ይሰፈርበታል። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ሰፈር የቆመው በዚሁ ሙያ ላይ ነው፤ እዚያ ሞተ የተባለ ዕቃ ሥራ ይቀይራል እንጂ አይቀበርም። ቀፎም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። እንዲያውም ከጎማውም ከጀሪካኑም በላይ ብዙ ሙያ የተጫነበት እሱ ነው። ከእነዚህ ሙያዎች አብዛኞቹ ከዕቃው ጋር በሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ላይ አልተጻፉም። ወረቀቱን የሚያነብ ስለሌለ በዚህ የተጎዳ የለም።

ስልክ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ሥራው የተጀመረው እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1894 ነበር። ሰው በሌለበት የሰው ድምፅ ሲሰሙ ነገሩ ያላማራቸው፣ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ እንደነበሩ እስከ ዛሬ ይተረካል። ታሪኩ ሲነገር ሰው ይስቃል፤ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል የማያውቀው ድምፅ ሲደውልለት ግን ያው ጥርጣሬ ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ደግሞ በማስረጃ ነው።

ብዙ ቆይቶ ስልክ ከተማ ውስጥ በየሳሎኑ ሲቀመጥ የመጀመሪያ ትርፍ ሙያው ጌጥነት ሆነ። ዳንቴል ለብሶ፣ በተለየ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሠርግ ፎቶግራፍ አጠገብ ይቀመጣል። ዳንቴሉ ሲነሣ የሚሽከረከረው መደወያ ላይ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥላለች፤ መክፈቻዋን የያዙት አባወራው ናቸው። መቀበል ለሁሉም ይቻላል፣ መደወል ግን በፈቃድ ነው። የእጀታውን ማስቀመጫ በጣት እየመቱ ያለ ቁልፍ መደወል የሚችሉ ልጆች ነበሩ፤ በዘመኑ ቴክኖሎጂ አዋቂ ማለት እነሱ ነበሩ። ጎረቤት ሁሉ ያንን ቁጥር «የቤቴ ስልክ» ብሎ ይሰጥ ስለነበር የባለ ስልኩ ቤት ልጆች ግማሽ ዕድሜያቸው ያለፈው «እትዬ፣ ስልክ!» እያሉ በአጥር ላይ በመጣራት ነው።

ዳንቴሉ ከመስመር ስልኩ ጋር አልጠፋም። ቴሌቪዥኑ ለበሰው፤ የርቀት መቆጣጠሪያው ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታሰረ። ሪሞቱ በፌስታሉ ውስጥ አርጅቶ፣ ቁጥሮቹ ጠፍተው፣ ባትሪው ፈስሶ ሲሞት እንኳ ገላው እንደ አዲስ ነው። ዛሬ ያው ልማድ ለስማርት ስልክ ከቨርና ስክሪን ጋርድ ሆኗል። ለቀለሙ ሲባል ተጨማሪ ገንዘብ የተከፈለበት ስልክ በጥቁር ፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ቀለሙን ከገዢው በቀር ያየው የለም፣ ገዢውም ያየው ለአምስት ደቂቃ ነው።

ተንቀሳቃሽ ስልክ አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎት የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ላይ በቀበቶ ላይ የሚታሰር፣ በሸሚዝ ኪስ ግማሹ የሚታይ፣ ሲደወል ሶስት ጊዜ እስኪጮህ የማይነሣ የክብር ዕቃ ነበር። የሕዝብ ዕቃ ያደረገው ዋናው ነገር የንግግር ጥራቱ አይመስልም። እንደ ጎርጎሮሳውያን በ2003 ኖኪያ 1100 የሚባል ቀፎ አወጣ። በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ በዚህ ቁጥር የሚስተካከለው ስልክ ማግኘት ከባድ ነው። አናቱ ላይ ትንሽ መብራት ነበረችው። መብራት እንደ እንግዳ «ሄደ»፣ «መጣ» በሚባልበት አገር፣ በጨለማ ቁልፍ የሚፈለግበት፣ ሽንት ቤት ከቤት ውጭ የሆነበት፣ ማታ ውሻ የሚያስፈራበት ሰው ይህን ስልክ ሲያይ መደወል ሁለተኛ ጉዳይ ሆነ።

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ አንድ ችግር ፈጥሯል። «ባትሪ» ማለት ኃይል የሚያጠራቅመው ድንጋይም ነው፣ በእጅ የሚያዘው መብራትም ነው። ስለዚህ «ስልክህ ባትሪ አለው?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው። «ባትሪስ አለው፣ ባትሪ ግን የለውም» የሚል መልስ ለሌላ አገር ሰው እብደት ነው፤ ለአገሩ ሰው ግን ሙሉ መረጃ ነው፦ አምፖሉ ደህና ነው፣ ቻርጁ አልቋል።

ሬዲዮም ያን ሰሞን ነው ቀፎ ውስጥ የገባው። የኤፍ ኤም ሞገድ ለመያዝ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል ገመዱ ካልተሰካ ሬዲዮው አይሠራም። ስለዚህ የአንድ ጆሮው ድምፅ የሞተ፣ የሌላው ጫፍ የተቆረጠ ማዳመጫ አይጣልም፤ ከጆሮ አገልግሎት በጡረታ ወጥቶ አንቴና ሆኖ ይቀጠራል። የሌሊት ዘበኛ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ፣ ገመዱን በአንገቱ ጠምጥሞ ኳስ ሲያዳምጥ ማየት የተለመደ ነው።

ከትርፍ ሙያዎች ሁሉ የረቀቀው ግን ሚስኮል ነው። ሥረ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሒሳብ የሚቆረጠው የተደወለለት ሰው ሲያነሣ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው መጥሪያ ነፃ ነው፣ የደዋዩም ቁጥር መስታወቱ ላይ ይታያል። ይህን ያወቀ ሕዝብ ከነፃው ክፍል ሙሉ ቋንቋ ሠራ። አንድ ጊዜ ጠርቶ ሲዘጋ «ደርሻለሁ» ነው። ሁለቴ ከሆነ «ውጣ፣ በር ላይ ነኝ»። ደጋግሞ ከሆነ «ሒሳብ የለኝም፣ ደውልልኝ» ወይም «ወዴት ጠፋህ» ነው፤ የትኛው እንደሆነ በሰዓቱና በደዋዩ ጠባይ ይለያል። ለፍቅረኞች አንዲት የማታ ሚስኮል «ደህና እደር» ማለት ናት፤ ሳትመጣ ከቀረች ጠዋት ማብራሪያ ይጠየቅባታል። መልእክቱ ምንም ቃል ሳይኖረው መኳረፊያ መሆን መቻሉ የሚያስደንቅ ነው።

ሰዋስው ካለው ሥነ ሥርዓትም አለው። ደሞዝተኛ ሚስኮል ይቀበላል እንጂ አያደርግም። ታናሽ ለታላቅ፣ ተማሪ ለአጎቱ፣ አገር ቤት ያለው ውጭ ላለው ማድረግ ይችላል። አለቃ ለሠራተኛው ሚስኮል ካደረገ ወሬው በማግሥቱ መሥሪያ ቤቱን ይዞራል። ሁለት እኩዮች ከሆኑ ግን ጉዳዩ ፉክክር ነው፤ አንዱ ያደርጋል፣ ሌላው በሚስኮል ይመልሳል፣ ወጪው የማን እንደሆነ ሳይወሰን ግማሽ ሰዓት ያልፋል፣ በመጨረሻም ሁለቱም መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ትልቁ ወንጀል ማንሣት ነው። ጣቱ የቸኮለ ሰው «ሃሎ!» ሲል ከወዲያ የሚሰማው ሰላምታ አይደለም፤ «ምነው አነሣኸው? ሒሳቤን በላኸው እኮ!» የሚል እሮሮ ነው። እሮሮው ራሱ ሒሳብ እየበላ እንደሆነ ሁለቱም የሚያስታውሱት ዘግይተው ነው።

ይህ ቋንቋ ለምን እንዲህ እንደበረታ ሲጠየቅ ድህነት ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ፣ እስከ ሚሊኒየሙ ድረስ ሳይከፈት ቆይቷል። ሌላው ዓለም በአውራ ጣቱ ሲጻጻፍ፣ እዚህ አገር ሁለት ዓመት ያህል በስልክ ሊላክ የሚችል ዝምተኛ መልእክት ሚስኮል ብቻ ነበር። ኋላ ላይ «እባክዎ ይደውሉልኝ» የሚል ነፃ መልእክት የሚልክ አገልግሎት ሲመጣ ሚስኮል ሕጋዊ ሰውነት አገኘ ማለት ይቻላል። ሰው ግን ወዲያው አልተወውም። «እባክዎ» ብሎ ከመለመን ጠርቶ መዝጋት ክብር አለው።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ቁጥሮችም አሉ። 804 ሒሳብ ያሳያል፣ 805 ካርድ ይሞላል፣ 806 ለሌላ ሰው ያካፍላል፤ በግራና በቀኝ ኮከብና መሰላል ይዘው ይደወላሉ። የገዛ ልጁን የልደት ቀን የሚረሳ ሰው እነዚህን በእንቅልፉ ይደግማቸዋል። ካርዱን መፋቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። በሳንቲም በርትቶ የፋቀ ቁጥሩን አብሮ ይፍቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርመራ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ እያዞሩ «ይቺ 3 ናት 8?» መባባል ነው፤ አላፊ አግዳሚም ይማከርበታል።

ቀፎ ሰዓትነትንም ደርቦ ይሠራል፤ እዚህ ላይ ግን ከአገሩ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ስልኩ 7 የሚለው ጠዋት ለሰዉ 1 ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ባለ ዘንግ ሰዓት ላይ ቀላል ነው፤ የአጭሩን ዘንግ ጫፍ ትቶ ጭራው የሚያመለክትበትን ማንበብ ነው። ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ስልክ ግን ጭራ የለውም። «12 ሰዓት ላይ ቀስቅሰኝ» ብሎ 12 የሞላ ሰው ስልኩ ታማኝ ከሆነ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ካልሆነም ምሳ ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰዋል። አንዳንዱ መላ ሲያጣ የስልኩን ሰዓት ራሱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ሰዓቱ ልክ ይሆንና ኢንተርኔቱ አንዳንዴ ይታመማል፤ ብራውዘሮች የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜ ከስልኩ ሰዓት ጋር ስለሚያመሳክሩ «ቀንና ሰዓትህን አስተካክል» ብለው በር የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ደግሞ አሁን ገና አስተካክሎ መጨረሱ ነው።

ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በስልክ ለመገናኘት መቀጣጠር ከዚህም ይረቅቃል። ሪያድና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ሪያድ ያለችው እህት ግን አሠሪዎቿ ቤት በተሰቀለው ሰዓት ከተናገረች ከእናቷ ጋር በቁጥር ስድስት ሰዓት ትራራቃለች። ዋሺንግተን ደግሞ በበጋዋ ወቅት ከአዲስ አበባ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 9 ሰዓት ሲሆን ግን ዋሺንግተን በራሷ አቆጣጠር 8 ነው፣ የአንድ ቁጥር ልዩነት ብቻ። በቁጥር ስትቀርብ በፀሐይ የራቀች፣ በፀሐይ ስትቀርብ በቁጥር የራቀች አገር ይዞ የቀጠሮ ስልክ መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በኢሞ የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደህና ናችሁ?» ቢሆንም ቀጥሎ የሚመጣው «አሁን እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» ነው፤ ምላሹም በየሳምንቱ እንደ አዲስ ዜና ይደመጣል።

ስለ ቀን መቁጠሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ብሎ ለሚያምን ስልክ ጳጉሜን ማስረዳት አይቻልም። የተወለዱበትን ቀን ሙሉ ሲባሉ ጳጉሜን ላይ የተወለዱ ሰዎች ወይ መስከረምን ይበደራሉ ወይ ነሐሴን ያስረዝማሉ። የትውልድ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሞላለት ያው ስልክ ባለቤቱን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አስረጅቶ የሚቆጥርበት ጊዜም አለ።

ጽሕፈት ሌላው ትርፍ ሥራው ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እንደ ጎርጎሮሳውያን በ1999 ነው፤ ሞባይል አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ቢወለዱም እጅ ለእጅ እስኪጨባበጡ ድረስ ግን ብዙ ጊዜ ወስዷል። ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ አሥራ ሁለት ቁልፍ ባለው ስልክ ላይ ለመደርደር የሞከረ ሰው ለምን በላቲን መጻፍ እንደተለመደ ይገባዋል። የአማርኛ ቁልፍ ያለው ቀፎ በርካሽ ካመጡት ውስጥ ቴክኖ አንዱ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሰው ሲያማው እንኳ በልክ ነው።

በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ አንዳንድ ድምፆችን አይለይም፤ ጠ እና ተ አንድ ይሆናሉ። ከዚህ የተነሣ «አባቴ መጣ» እና «አባቴ መታ» በጽሑፍ ልዩነት የላቸውም። መልእክቱ ማታ የደረሰው ልጅ በር ይክፈት ወይስ አልጋ ሥር ይግባ በራሱ ግምት ይወስናል። ከናፍቆት ሰላምታዎች ሁሉ የሚዘወተረው «ጠፋህ እኮ!» ደግሞ «ተፋህ እኮ!» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ናፋቂው ምራቅ ሲያስተባብል የሚውልበት ጊዜ አለ። የጉግል ተርጓሚ በ2016 እንደ ጎርጎሮሳውያን አማርኛን ሲጨምር፣ የአገሩ ሰው በመጀመሪያ የሞከረው ቁም ነገር መተርጎም አልነበረም፤ ስድብ እየጻፈ ምን እንደሚወጣው ማየት ነበር።

ሁለት ሲም ስለሚይዘው ቀፎም አንድ ነገር መባል አለበት። በሌላ አገር ይህ ዕቃ የተወደደው የአንዱ ኩባንያ ዋጋ ሲወደድ ወደሌላው ለመሻገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሳፋሪኮም ሥራ እስከጀመረበት እስከ መስከረም 2015 ዓ.ም. ድረስ የሚሻገሩበት ሌላ ወገን አልነበረም፤ ሁለት በር ያለው ስልክ ግን በሽበሽ ነበር። ሁለተኛው በር ምን ይሠራ እንደነበር የጠየቀች ሚስት አጥጋቢ መልስ ማግኘቷ ያጠራጥራል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣ ቀፎ የገንዘብ ቦርሳነትን ጨመረ። ከቆጮ ሻጭ እስከ ሊስትሮ ድረስ በስልክ መቀበል ለመደ። ግን ልምዱ የራሱን መንገድ አወጣ። ከፋዩ ልኬያለሁ ይላል፤ ተቀባዩ አልደረሰኝም ይላል፤ ማሽኖቹ በሰከንድ የጨረሱት ጉዳይ ሰዎቹን አያሳምናቸውም። ስለዚህ «ስክሪንሾት ላክ» ይባላል። ይህም ካላረካ ባለሱቁ የራሱን ስልክ አውጥቶ የደንበኛውን ስልክ መስታወት ፎቶ ያነሣል። አንዱ ቀፎ ሌላውን ቀፎ ፎቶ ሲያነሣ የቆመበት ይህ ትዕይንት ለዲጂታል ግብይት ማኅተምና ፊርማው ነው። ያኔም ቢሆን ሁሉም ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሊቆም ይችላል፦ «ሲስተም የለም።» ሲስተም ምን እንደሚመስል ያየ ደንበኛ የለም፤ ሲኖር አይወራለትም፣ ሲሄድ ግን ከመብራትና ከውኃ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ይጠራል። መስኮቱ ላይ የተለጠፈች «ሲስተም የለም» የምትል ወረቀት ከተማ ውስጥ ቢጫ ሆና የቆየች ከሆነ፣ ሲስተም መጥቶ እንኳ የሚያነሣት አላገኘችም ማለት ነው።

አዲስ ስልክ ወጣ የሚለው ዜና አገር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። አፕል አዲሱን አይፎን የሚያሳየው ባብዛኛው በሴፕቴምበር ስለሆነ፣ ልጃገረዶች አደይ ይዘው «አበባየሆሽ» ሲሉ ወጣቱ በስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሌላ አበባ ይጠብቃል። በጳጉሜን 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አይፎን 11 ፕሮ ጀርባው ላይ ሦስት ካሜራ ነበረው። ይህን ሥዕል ያየ አማርኛ ተናጋሪ ሌላ ነገር ማሰብ አይችልም፤ ሦስት ጉልቻ ነው። ሦስት ጉልቻ መመሥረት ማለት ደግሞ ትዳር መያዝ ስለሆነ፣ ባለ ሦስት ካሜራው ስልክ ዋጋ ሲሰማ ከእውነተኛው ጉልቻ ጋር ማወዳደሩ አይቀርም። ለጥሎሽ ያጠራቀመውን ለስልክ ያዋለ ሰው ጉልቻውን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚነሣው ክርክር ያው ነው። «ምኑ ተለወጠ?» ይላል አንደኛው፤ «ካሜራው!» ይላል ሌላው፤ ሁለቱም ያለፈውንም የዘንድሮውንም በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ቡና ላይ ያሉት እናት ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ይደመድማሉ። ይህ ተረት ለአይፎን የተተረተ እስኪመስል ድረስ ይገጥማል። እርግጥ እሳቸውም ቢሆኑ የልጃቸው ልጅ ፎቶ በየትኛው ስልክ አምሮ እንደሚታይ ያውቃሉ።

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ «አንድ ስልክ ብቻ» የሚለው አደራ ከሻንጣው ይከብዳል። የመጣው ስልክ ኔትወርኩ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ ለማስከፈት የመርካቶ ወይም የቦሌ ጠጋኝ ጋ ይኬዳል። በጳጉሜን 2 ቀን 2014 ዓ.ም. አይፎን 14 ይፋ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ተከሰተ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ ጨርሶ አልነበረውም። ተቀባዩ በመርፌ እየወጋ አራቱንም ጎን ሲፈልግ ይውላል። አውራ የማታስገባ ቀፎ ማለት ይህች ናት።

የቻርጅ ጭንቀት በቅርቡ ከኪስ ወጥቶ መንገድ ላይ ተሰማርቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር መኪና አገር እንዳይገባ መወሰኑ ሲነገር፣ የአገሩ ሰው የኤሌክትሪክ መኪናን የተረዳው በለመደው ዕቃ አማካይነት ነው፦ ጎማ ያለው ስልክ። «ስንት ሊትር ቀዳህ?» ቀርቶ «ስንት ፐርሰንት አለህ?» ሆነ። ሲያረጅ ባትሪው ያብጥ ይሆን? ክረምት ላይ ኩሬ ሲገባ እንደ ስልክ ሩዝ ውስጥ ይቀመጥ ይሆን? ጥያቄዎቹ የስልክ ጥያቄዎች ናቸው። የነዳጅ ሰልፍ ጎን ድምፅ ሳያሰማ የሚያልፍ ባለ ኤሌክትሪክ መኪና ፊቱ ላይ የሚነበበው ፈገግታ፣ ማታ ሰፈሩ መብራት ሲሄድ ሰልፍ ላይ ወደነበረው ይዛወራል። መኪናው ፀጥ በማለቱ ደግሞ የሰፈር ልጆች ከኋላቸው ሲመጣ አይሰሙትም፤ ሾፌሩም ጡሩንባውን እንደ ሚስኮል አጭር አጭር እያደረገ ያልፋል፦ ደርሻለሁ፣ ውጡ።

ቀፎ ሲያረጅ የሚያልፍበት የሥልጣን መሰላል አለ። ባለቤቱ አዲስ ሲገዛ አሮጌው ለታናሽ ወንድም ይወርዳል። ወንድም ሲጥለው ስክሪኑ ሸረሪት ድር ይሠራና አገር ቤት ላሉት እናት ይላካል፤ «ለመነጋገሪያ ይበቃል» ተብሎ። እናትየው ከሁሉም በተሻለ ይይዙታል፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ጡታቸው ሥር ያኖሩታል። ሲደወል የቋጠሮው መፍታት ጊዜ ስለሚወስድ ማንኛውም ጥሪ እሳቸው ጋ ሲደርስ ሚስኮል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ሲጠፋ ለሕፃን መጫወቻ፣ ባትሪው ሲያብጥ የመጽሐፍ መጫኛ ነው። ቻርጀሩ ለየትኛውም ስልክ ባይሆንም «ይፈለግ ይሆናል» ተብሎ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ከሁሉም የሚቆየው ካርቶኑ ነው። ሲገዛ ጀምሮ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል፤ ዋስትና ወረቀቱና ያልተነበበው መመሪያ ጥቂት ዓመት ኖረውበታል። ስልኩ ከእናትየው ነጠላ ወጥቶ ከጠፋ በኋላ እሱ ወርዶ ይከፈታል። ውስጡ መርፌ፣ ጥቁርና ነጭ ክር፣ ከየሸሚዙ የወደቁ ቁልፎች፣ ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ፣ የሲም ማውጫዋ ትንሽ ሽቦና ሁለት የተፋቁ የስልክ ካርዶች አሉበት።